የመምህሩ ደመወዝና ወደ ኋላ የቀረው ልጅ

ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የቀረበ ጥናት



ስለ መምህራን ደመወዝና ስለ መምህራን ማኅበር በሀገረ ስብከት መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንዶች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። «ይህ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ስለ ጸሎት አስተምሩን» የሚሉን አይጠፉም። እኛም ራሳችን ለረጅም ጊዜ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ የተገለጠ ነገር ስለ ሆነ ጥናታችንንም ከዚያው እንጀምራለን።

ቀደም ባሉት ዓመታት ባገለገልንበት አንድ ቁምስና ልጆች ቅዱስ ቁርባንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቀበል ይዘጋጁ ነበር። ከመካከላቸው አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄዎቹን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ይመልስ ስለ ነበር ካቴኪስቱ ዘወትር ያመሰግነው ነበር። አንድ ቀን ግን ካቴኪስቱ በልጁ ጀርባ በኩል ሲያልፍ፣ ልጁ ስለ ምሥጢረ ንስሐ የተጻፈውን አንድም ቃል ሳያጎድል ሲናገር፣ መጽሐፉ ግን ስለ ምሥጢረ ጥምቀት በሚናገረው ገጽ ላይ ተከፍቶ ተመለከተ። ልጁ ማንበብ አይችልም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በቁምስናችን ትምህርት ቤት ተቀምጦ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዛወረ፣ ጆሮውን እንደ ዓይን ሲጠቀም ኖሯል።

ይህን በሰማን ጊዜ መምህራኑን ሰበሰብን። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለደካሞቹ ልጆች አንድ አንድ ሰዓት እንዲሰጡ ነገርናቸው፤ ዋጋቸውንም ከእግዚአብሔር እንደሚያገኙ ጨመርንላቸው። ሁሉም ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጥረን ስብሰባውን በጸሎት ዘጋን። ሌሎቹ ሲወጡ ግን አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር ወደ ኋላ ቀሩና እንዲህ አሉን፦ «አባ፣ የልጁ ነገር እኔንም ያቃጥለኛል። ነገር ግን ከዚህ ስወጣ በሦስት ቤት ልጆች አስጠናለሁ። የቤት ኪራዬን የምከፍለው በደመወዜ ሳይሆን ከእነዚያ ሦስት ቤቶች በማገኘው ነው። ከዚህ ልጅ ጋር ብቀመጥ የእኔ ልጆች ምን ይበላሉ? እርስዎን የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ የሚጠይቅዎ የለም፤ ስለዚህ ዋጋችሁን ከእግዚአብሔር ታገኛላችሁ ማለት ይቀልዎታል።»

ያን ምሽት ተቆጣን። መምህሩንም እንደ ገንዘብ ወዳድ ቆጠርናቸው። ቁጣው ሲበርድ ግን የምንሰጣቸው መልስ እንደሌለን ተረዳን። ማታ ማታ የሚያስጠኗቸው ልጆች ወላጆቻቸው ለአስጠኚ መክፈል የሚችሉ ናቸው፤ ማንበብ ያቃተው ልጅ እናት ግን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ነበረች። እንግዲህ በትንሹ ደመወዛችን ምክንያት የመምህሩ ጊዜና ጉልበት ከሌለው ልጅ ወደ አለው ልጅ ይሄድ ነበር። በቁጠባ ያተረፍነው የመሰለን ገንዘብ በእርግጥ የወጣው ከዚያ ልጅ ላይ ነበር።

የጥናታችን ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ለመምህሩ የሚገባውን መክፈልና ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ መርዳት እርስ በርሳቸው የሚሻሙ ሁለት ጉዳዮች አይደሉም። አንዱ ሲጓደል ሌላውም ይጓደላል።

1. ደመወዝ ምጽዋት አይደለም

የኦሪት ሕግ የሠራተኛው ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዛል (ዘሌ. 19፥13፤ ዘዳ. 24፥14-15)። ሐዋርያው ያዕቆብም ለሠራተኛው ሳይሰጥ የቀረው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስተምራል (ያዕ. 5፥4)። ካቴኪስቶች እንደምታውቁት፣ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ ሰማይ ከሚጮኹ ኃጢአቶች መካከል የሚቆጥረው ነው። ልጆችን ይህን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ባለጠጋ የእርሻ ባለቤት ነው፤ የምንቀመጥበትን የራሳችንን ትምህርት ቤት አናስብም።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ለዘመናችን ማኅበራዊ ትምህርት መሠረት ጥለዋል። በዚያ መልእክት ካስተማሩት አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛው በደመወዙ መስማማቱ ብቻ ደመወዙን ትክክለኛ አያደርገውም። የተራበ ሰው በማንኛውም ነገር ይስማማልና። ከስምምነቱ በላይ የሚቆም የፍትሕ ሕግ አለ፤ እርሱም ደመወዝ ሠራተኛውን በአግባቡ ለማኖር የሚበቃ እንዲሆን ይጠይቃል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ይህን ትምህርት ወደ ቤተሰብ አስፋፍተው፣ ደመወዝ የሠራተኛውን ቤተሰብ ለማስተዳደር የሚበቃ ሊሆን እንደሚገባ አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የአንድ ማኅበረሰብ ኢኮኖሚ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ በተጨባጭ የሚፈተነው ለሠራተኛ በሚከፈለው ደመወዝ እንደሆነ አመለከቱ። በ2025 እ.ኤ.አ. የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 14ኛም ይህን ስም የመረጡት በተለይ የዚያን የ1891 መልእክት ጸሐፊ በማሰብ እንደሆነ ገልጸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ጉዳይ አይደለም።

በመምህሩ ላይ ግን አንድ ልዩ ፈተና ይደርሳል። ግንበኛ ደመወዝ ሲጠይቅ «ሥራህ የተቀደሰ ነው» ብሎ የሚመልስለት የለም። መምህሩ ሲጠይቅ ግን የሙያው ክብር መልስ ሆኖ ይቀርብለታል። ማስተማር ጥሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ይህንኑ አክብሮ ይናገራል። ነገር ግን ጥሪ ደመወዝን አይተካም። ካህኑም በጥሪው ይኖራል፤ ሆኖም ምእመናኑ ያለ ምግብና ያለ መጠለያ አይተዉትም። ምስጋና በደመወዝ ላይ ሲጨመር መልካም ነው፤ በደመወዝ ፋንታ ሲሰጥ ግን ሽንገላ ይሆናል።

የሀገራችን የኑሮ ሁኔታ ይህን ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ ተደርጎ ዝቅተኛው እርከን ከ1,500 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ማስተካከያ የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። በቁምስና፣ በገዳማውያንና በሌሎች የግል ተቋማት የሚያስተምሩ መምህራን ደመወዝ የሚወሰነው በየተቋማቱ ነው፤ ማለትም በእኛ። ገበያው ግን ማን ለማን እንደሚያስተምር ሳይጠይቅ ከሁሉም አንድ ዋጋ ይቀበላል።

2. የመምህራን ማኅበር ለምን?

ብቻውን የሚጠይቅ ሠራተኛ ለማኝ ይመስላል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠይቅ ግን መብቱን እንደሚጠይቅ ሰው ይሰማል። ሽማግሌው መምህር በስብሰባው ላይ ዝም ብለው በኋላ ለብቻቸው መናገራቸው ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፦ በዚያ ትምህርት ቤት የመምህራኑ የጋራ ድምፅ አልነበረም። ያ ድምፅ ቢኖር ኖሮ እውነቱን ከዓመታት በፊት በሰማን ነበር።

ሠራተኞች ማኅበር የመመሥረት መብት እንዳላቸው ቤተ ክርስቲያን ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግልጽ ታስተምራለች። የቫቲካን ጉባኤም ይህን መብት ከሰው መሠረታዊ መብቶች መካከል ቆጥሮታል። ሀገራችንም የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 በ1963 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42ም ሠራተኞች የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች አይመለከትም። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ማኅበር በዚህ አዋጅ የኅብረት ስምምነት እንደሚዋዋል የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ሳይሆን እንደ ሙያ ማኅበር ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ታሪክ የሚጀምረው ከ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ከታሪኩ ውስጥ ለጥናታችን የሚጠቅም አንድ ምዕራፍ እናንሣ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት የትምህርቱን ሥርዓት የሚያሻሽል «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለ ጥናት አስጠንቶ ነበር። እቅዱ ለአብዛኞቹ ልጆች አራት ዓመት ያህል መሠረታዊ ትምህርት ለመስጠት፣ ከዚያ በላይ ግን ጥቂቶቹ ብቻ እንዲያልፉ ለማድረግ ያለመ ነበር። ወላጆች «የእኛ ልጆች በአራተኛ ክፍል ሊቀሩ ነው» ብለው ተረዱት። መምህራኑም የደመወዝ ጥያቄያቸውንና በዚህ እቅድ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ አንድ ላይ ይዘው በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ የእቅዱ አፈጻጸም እንዲቆም ተደረገ።

ከዚያ በኋላ በሀገሪቱ የደረሰውን ሁሉ እዚህ ለመተረክ አልተነሣንም። ልናስተውለው የሚገባን ግን የመምህሩ ጥያቄ ከድሃው ልጅ ዕድል ጋር በተያያዘ ጊዜ ሕዝቡ እንደ ራሱ ጥያቄ የሰማው መሆኑን ነው። በአንጻሩ ማኅበሩ ከፖለቲካ ኃይሎች ትግል ጋር በተያያዘ ጊዜ ምን ያህል እንደተጎዳም ታሪኩ ያሳያል። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሊቀ መንበሩ ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ ታስረው፣ የስሙና የንብረቱ ክርክር እስከ 2000 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ስለ ክፍሉ መጨናነቅና ስለ ልጁ ንባብ በአንድ ድምፅ የሚናገር መምህራዊ አካል ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የሠራተኛ ማኅበራት ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጋር እጅግ ሊጣበቁ እንደማይገባ፣ የቡድን ራስ ወዳድነትም ሊሆኑ እንደማይገባ ያስተማሩት ይህን የመሰለውን ጉዳት በማሰብ ነው።

ስለ ሥራ ማቆም አድማስ ምን እንላለን? የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድማን አይኮንንም፤ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያበቃ የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ አድርጎ ይፈቅዳል፤ ለሕዝብ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ የሆኑ አገልግሎቶች ግን እንዳይቋረጡ ያስጠነቅቃል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ሁሉም ልጅ እኩል አይጎዳም። አስጠኚ ያለው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ይማራል፤ እናቱ እንጀራ የምትሸጠው ልጅ ግን ትናንት ያወቀውን ፊደል ዛሬ ይረሳል። ማኅበሩ ከአድማ በፊት ይህን ልጅ ሊያስብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ለወራት ደመወዝ ሳይከፍል ቆይቶ መምህሩ ሥራ ሲያቆም «ለልጆቹ አታዝንምን?» የሚል አሠሪ፣ ለልጆቹ ያላዘነው አስቀድሞ እርሱ ራሱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

መልካም ማኅበር ለአባሉ የሚቆመውን ያህል አባሉን ይገሥጻል። ከክፍሉ ዘወትር የሚቀረውን፣ ወይም በክፍል ውስጥ ማስተማር የሚገባውን ሆነ ብሎ ትቶ ማታ በገንዘብ የሚያስጠናውን መምህር ማኅበሩ ሊሸሽገው አይገባም። ማኅበሩ የመምህሩ ጋሻ እንጂ የጥፋት መደበቂያ አይደለም።

እዚህ ላይ ልንጠቅሰው የሚገባ አንድ ዓለም አቀፍ ሰነድ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በጥቅምት 5 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ስለ መምህራን ሁኔታ የጋራ ምክረ ሐሳብ አጽድቀዋል፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበረው የዓለም የመምህራን ቀን መታሰቢያው ይህ ነው። ምክረ ሐሳቡ የመምህራን ማኅበራት ለትምህርት ዕድገት የሚረዱ ኃይሎች ሆነው እንዲታወቁ፣ ደመወዛቸውም ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው በቂ ኑሮ እንዲያስገኝ ይጠይቃል። በዚያው ሰነድ ውስጥ የክፍል ተማሪዎች ብዛት መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለመከታተል የሚያስችለው እንዲሆን፣ ወደ ኋላ ለቀሩትም በትናንሽ ቡድን ወይም ለየብቻ የሚረዱበት ጊዜ እንዲመደብ ተጽፏል። ደመወዙ፣ ማኅበሩና ደካማው ልጅ በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚለያዩአቸው አንባቢዎች ናቸው።

3. ቅዱስ ዮሐንስ ዴ ላሳል የሰማው መልስ

ሽማግሌው መምህር የነገሩን ቃል በልባችን ሲመላለስ ሳለ የቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላሳልን ታሪክ እንደገና አነበብን። በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን አንብበነው ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የምንከፍለው ደመወዝ ስላልነበረን አልገባንም።

ዴ ላሳል በ1651 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሀገር በራንስ ከተማ ከባለጠጋ ቤተሰብ ተወለደ። በካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ ውስጥ ገቢው የተረጋገጠ መዓርግ ነበረው። ከ1679 ጀምሮ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍቱ መምህራንን መርዳት ጀመረ፤ በኋላም ወደ ቤቱ አስገብቶ አብሮ መኖር ጀመረ። መምህራኑ ግን ስለ ነገ ይጨነቁ ነበር፤ ሕመም ወይም እርጅና ቢመጣ ምን እንደሚውጣቸው አያውቁም ነበርና። እርሱም በእግዚአብሔር ጥበቃ እንዲታመኑ መከራቸው። እነርሱም የአንተ ኑሮ የተረጋገጠ ስለሆነ እንዲህ ለማለት ይቀልሃል፣ እኛ ግን ይህ ሥራ ቢፈርስ ወድቀን እንቀራለን የሚል መልስ ሰጡት።

ዴ ላሳል አልተቆጣም፤ ወይም ተቆጥቶ እንደሆነ ቁጣው እንደ እኛ አላታለለውም። በ1683 መዓርጉን ለቀቀ፤ በተከተለውም የረሃብ ክረምት ሀብቱን ለድሆች አከፋፈለ። ከዚያ በኋላ ስለ መታመን ሲናገር መምህራኑ ሰሙት። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበር የጸናው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ወንድሞቹም ልጆችን በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ አስተማሩ፤ እንደ ዕውቀታቸውም ደረጃ በቡድን መደቡአቸው፤ ማለትም ወደ ኋላ የቀረው ልጅ ራሱ በሚችልበት ቦታ እንዲጀምር አደረጉ። ዴ ላሳልን በ1900 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ብለው ያወጁት የሠራተኞችን መልእክት የጻፉት ሊዮን 13ኛ ራሳቸው ናቸው፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሰይመውታል። ወንድሞቹ በሀገራችንም አገልግለዋል፤ በአዲስ አበባ ያለውን የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ታሪክ ግን በተሳሳተ መንገድ ልንጠቀምበት አይገባም። የዴ ላሳል መምህራን ኋላ ገዳማውያን ሆነዋል፤ የእኛ መምህራን ግን ባለትዳሮችና የልጆች ወላጆች ናቸው። የወንድሞቹን ድህነት በእነርሱ ላይ መጫን አንችልም። ታሪኩ የሚናገረው ለመምህሩ ሳይሆን ለቆሞሱና ለቁምስናው ምክር ቤት ነው፦ መሥዋዕትነትን የሚሰብክ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይካፈለው። በ1971 እ.ኤ.አ. በሮም የተሰበሰበው የጳጳሳት ሲኖዶስም ስለ ፍትሕ ለሌሎች የሚናገር ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ራሱ ፍትሐዊ ሆኖ ሊታይ እንደሚገባ ካስተማረ በኋላ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ሰዎች በቂ ደመወዝ ማግኘት እንዳለባቸው በግልጽ አመልክቷል።

4. ልጁ ወደ ኋላ የሚቀረው ለምንድን ነው?

«ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ምርመራውን ሳንጀምር የምንዘጋበት ቃል ነው። አንዱ ልጅ ሰሌዳው አይታየውም፤ ሌላው በደንብ አይሰማም። አንዱ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። አንዷ ውኃ ቀድታ፣ ታናሾቿን አጣጥባ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ትደርሳለች። ሌላው በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ከሚማርበት ቋንቋ የተለየ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መምህሩ ይህን ሁሉ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ የለውም፤ የሚያነሣው እጁን ያነሣውን ልጅ ነው።

ያልተያዘ ክፍተት ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። መንግሥትም ግማሽ ካላመጡት መካከል የተወሰኑትን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጣቸው አድርጓል። ማካካሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በ12ኛ ክፍል የታየው ክፍተት የተጀመረው የእኛ ልጅ መጽሐፉን በሌላ ገጽ ከፍቶ በተቀመጠበት ዕድሜ ላይ ነው።

የኢጣልያው ካህን አባ ሎሬንዞ ሚላኒ በ1954 እ.ኤ.አ. ከፍሎረንስ ወደ ሰሜን ባለች ባርቢያና በምትባል የተራራ መንደር ተመደቡ። በዚያም መንግሥት ትምህርት ቤት ወድቀው የቀሩ የገበሬ ልጆችን ሰብስበው ቀኑን ሙሉ ያስተምሩ ነበር። አንድ ልጅ ካልገባው ሌሎቹ አልፈውት አይሄዱም፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹን ያስተምሩ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ልጆቹ ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ በሚመስል መጽሐፍ፣ ከትምህርት ቤት የሚወድቁት በአብዛኛው የገበሬና የሠራተኛ ልጆች መሆናቸውን በቁጥር አሳዩ፤ ለሚዘገዩት ልጆችም ቀኑን ሙሉ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲኖር ጠየቁ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ባርቢያና ሄደው በአባ ሎሬንዞ መቃብር ላይ ጸልየዋል።

የባርቢያና ምሳሌ ያስደስተናል፤ ያሳፍረናልም። ነገር ግን አባ ሎሬንዞም የቤት ኪራይ አይከፍሉም፣ የሚመግቧቸው ልጆችም አልነበሯቸውም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከፈለግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መምህር ያስፈልገናል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መምህርም በአንድ ሥራ የሚኖር መምህር ነው።

5. በቁምስናችን ምን ልናደርግ እንችላለን?

ሀ) እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው እናስነብብ። ትምህርተ ክርስቶስን በቃል ማስያዝ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችለውን ልጅ ይሸፍነዋል። ካቴኪስት በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ ባላየው ጽሑፍ ሦስት መስመር ያስነብበው፤ ይህም በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይሁን፤ እንዳያፍር።

ለ) ምክንያቱን እንጠይቅ። ልጁን ከመገሠጽ በፊት ቤቱን እንጎብኝ። ዓይኑን ማስመርመር፣ ወይም ቁርስ መስጠት ብቻ የሚበቃው ልጅ አለ።

ሐ) እንደ ክፍሉ ሳይሆን እንደሚያውቀው እንመድበው። በሕንድ ሀገር በ1995 እ.ኤ.አ. በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው በትናንሽ ቡድን መድቦ በቀን ጥቂት ጊዜ በማስተማር ይታወቃል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው መደበኛነትን ነው።

መ) ወጣቶችን እናሰማራ። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያግዙ ይችላሉ። ሆኖም በጎ ፈቃደኛ መምህሩን ይረዳል እንጂ አይተካም፤ በበጎ ፈቃደኛ እያመካኘን መምህር ከመቅጠር አንሽሽ።

ሠ) ለተጨማሪ ሰዓት እንክፈል። ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ ይገባዋል። መምህራኑም በጋራ የሚናገሩላቸውን ተወካዮች በነፃነት ይምረጡ፤ የቁምስናው ምክር ቤትም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ስለ ደመወዝ ይነጋገር።

በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፦ «ደመወዝ ለመጨመር የትምህርት ክፍያ ከጨመርን ድሃው ልጅ ይወጣል፤ ካልጨመርን መምህሩ ይወጣል።» ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በአንድ ቃል የሚፈታም አይደለም። እኛ በዚያ ቁምስና ያደረግነው የሒሳብ መዝገቡን በመምህራኑና በወላጆች ተወካዮች ፊት መክፈት ነበር። አንድ ላይ ስንመለከተው ለግቢው አጥርና ለክብረ በዓል ግብዣ የተመደበውን ገንዘብ አየን። አጥሩ ለሌላ ዓመት ቆየ፤ ግብዣውም ቀነሰ። መክፈል የሚችሉ ወላጆች ጥቂት እንዲጨምሩ፣ የማይችሉት ግን ባሉበት እንዲቀጥሉ ተስማማን። ጭማሪው ትልቅ አልነበረም። ለሁለት ከሰዓት በኋላዎች ግን የሚከፈል ገንዘብ ተገኘ።

ሽማግሌው መምህር ከሦስቱ ቤቶች አንዱን ትተው ለእነዚያ ሁለት ቀናት ቆዩ። ሌሎች ሁለት መምህራን የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ሄዱ፤ አልወቀስናቸውም። ከልጆቹም ሁሉም አልተሻሻሉም። ያ ልጅ ግን በዓመቱ መጨረሻ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ቀስ እያለ፣ አይቶት የማያውቀውን ገጽ አነበበ። ከዓመታት በፊት ጀምረን ቢሆን ኖሮ የሚል ጸጸት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

መደምደሚያ

ውድ ምእመናን፣ መምህሩ በቂ ደመወዝ ስላገኘ ብቻ ደካማውን ልጅ ይረዳል አንልም፤ ጥሩ ደመወዝ እየተከፈለው ልጆቹን የሚረሳ መምህርም ይኖራል። የምንለው ይህን ነው፦ ፍትሕ ያጣ ሰው ፍቅርን እንዲሰጥ የማዘዝ መብት የለንም። ደመወዙን ስንከፍል ግን መምህሩን «ወደ ኋላ የቀረው ልጅስ?» ብለን በሙሉ አፍ ለመጠየቅ እንችላለን፤ እርሱም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኖረዋል።

የመምህራን ሁሉ ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ ዴ ላሳል ለመምህራኖቻችን፣ ለልጆቻችንና የሒሳብ መዝገብ በእጃችን ላለ ለእኛም ይለምንልን። አሜን።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምታስተምሩት ክፍል ውስጥ በቃሉ እየመለሰ ማንበብ የማይችል ልጅ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

2. በቁምስናችሁ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባለትዳር መምህር በደመወዙ ብቻ ቤተሰቡን ማስተዳደር ይችላልን? ይህን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን?

3. መምህራኑ ቅሬታቸውን በጋራ የሚያቀርቡበት መንገድ አለን? ከሌለስ እንዳይኖር ያደረገው ምንድን ነው?

4. ለደመወዝና ለተጨማሪ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በዚህ ዓመት ቁምስናችሁ ሊያቆየው የሚችለው ወጪ የትኛው ነው?